ከሲግናል እስከ ማርሳቢት ከሉድሚላ ጋር

ማርሳቢት የምትባል ከተማ አለች፤ ኬንያ ውስጥ፣ ከሞያሌ ወዲያ ማዶ። በሰፈሬ በሲግናል እስካሁን እግሩ የረገጣት ሰው አላገኘሁም፤ ስለዚህ የምጽፈውን ማንም አያርመኝም። ማረም እንኳ የኔ ሥራ ነበር። ስሜ ጥሩነሽ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በየካ፣ መጀመሪያ በቀበሌ በኋላ በወረዳ፣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከጎረቤቴ ከሉድሚላ ጋር የልጇን ሠርግ ልናይ ሄደን ተመለስን። ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ በር ላይ እያቆመ "እስቲ አጫውችን" ስለሚለኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ሉድሚላ ሩሲያዊት ናት። ባሏ ኢንጂነር ግርማ አበጋዝ ሮስቶቭ በምትባል ከተማ ሲማር አገባትና ይዟት መጣ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተጋርተን ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖረናል። ጉርድ ሾላ አካባቢ ሒሳብ ስታስተምር ኖራ እሷም ጡረታ ወጥታለች። ሰፈሩ "እትዬ ሉዳ" ይላታል፤ ግርማ ግን ሲያከብራት በአገሯ ወግ "ሉድሚላ ፔትሮቭና" ይላት ነበር። የፔትር ልጅ ማለት ነው። እኔ ይሄ ነገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው በአባቱ ስም የሚጠራበት ሌላ አገር መኖሩን ያወቅሁት ከሷ ነው። ግርማ ከስድስት ዓመት በፊት አርፎ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተቀበረ። የቀራት አንድ ልጅ ዮናስ ነው። የክርስትና አባቱ የኔ ባል መኮንን ነው፤ እሱ ግን ጉልበቱን ስለሚያመው በሱ ፈንታ እኔ ተጓዝኩ። ዮናስ ሰሜን ኬንያ በንፋስ ኃይል ማመንጫ ይሠራል፤ የሚያገባትም የማርሳቢት ልጅ፣ ታላሶ የምትባል ነርስ ናት።

አሁን ስለ መግቢያ ደንቡ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በሱ ነው። ኬንያ ለመግባት እኔ ኢትዮጵያዊቷ ቪዛ አያስፈልገኝም። ፓስፖርቴንና የቢጫ ወባ ካርዴን ይዤ መሄድ ብቻ ነው። ሉድሚላ ግን የሩሲያ ፓስፖርት ስለያዘች ከመሄዷ በፊት በኢንተርኔት ማመልከት፣ የፈቃድ ወረቀት ማግኘትና ወረቀቱን አትማ መያዝ አለባት። ስትመለስም የኛ አገር የመኖሪያ ፈቃዷ ያልተቃጠለ መሆን አለበት። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። በየኤምባሲው በር ፀሐይ ሲመታው የኖረ የኛ ፓስፖርት አንዴ እንኳ ከታላቅ አገር ፓስፖርት በልጦ! "እኔ ዝም ብዬ አልፋለሁ፣ አንቺ ለምኚ" እያልኩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳበሽቃት ከረምኩ።

ፎርሙን የሞላሁላት እኔ ነኝ። ማን ይሙላ ታዲያ? እሷ መነጽሯን አድርጋም የስልክ ጽሑፍ በቅጡ አይታያትም፤ እኔ ደግሞ የወረቀት ሰው ነኝ። ሳሎኗ ተቀምጠን ፓስፖርቷን ገልጬ ስሞላ፣ የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ፓስፖርቷ "አበጋዝ" ይላል። አበጋዝ የግርማ አባት ናቸው። በየትኛው አገር ነው ሴት ልጅ በአማቷ ስም የምትጠራው? የአንዱ ሰነፍ ጸሐፊ ስሕተት ነው አልኩ በልቤ። እንዲህ ያለውን በሥራ ዘመኔ ስንቱን አርሜያለሁ! ስለዚህ የገዛ አባቷን ስም አስገባሁላት፤ ሉድሚላ ፔትሮቭና። ለሷም አልነገርኳት፤ ለምን አስጨንቃታለሁ ብዬ። ፈቃዱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ጉርድ ሾላ አንድ ሱቅ አሳትመን በፕላስቲክ አሽገነው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ።

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሲግናል ተነሣን። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሁለታችንም ጋቢ ለብሰናል። ሉድሚላ ጭኗ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ ድፎ ዳቦ ይዛለች። በአገሯ ወግ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ የልጁ እናት ዳቦና ጨው ይዛ ደጅ ላይ ትቀበላቸዋለች። ለዚህ ነው የሄደችው ብል ማጋነን አይሆንም። ሠርጉ ሳይታሰብ በፊት፣ ዮናስ ገና ተማሪ ሳለ ጀምራ "እኔ ዳቦ ይዤ ደጅ ላይ እቆማለሁ" ስትል ሰምቻታለሁ። ከግርማ ጋር ሊቆሙ ነበር የተነጋገሩት። አሁን ብቻዋን ቀርታለች፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከዚያ ደጅ መቅረት ለሷ የማይታሰብ ነው።

አውቶቡሱ ምንም ሳይቸግረው ሐዋሳ አደረሰን። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ በላን። ሉድሚላ የዓሣውን ጭንቅላት ስትጋጥ አስተናጋጁ ሥራውን ትቶ ያያት ነበር፤ "ፈረንጅ እንዲህ ይበላል እንዴ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "የየካ ፈረንጅ ናት" አልኩት። ያደርንበት ሆቴል ውኃ ቀኑን ሙሉ አለው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሆነ፣ ሁለታችንም ተራ በተራ ሻወር ገብተን እንደገና ደግሞ ገባን። የሐዋሳ ሰው እንዳይሰማኝ እንጂ ከሐይቁ ይልቅ ያ ቧንቧ ነው ደስ ያለኝ።

ረቡዕ ወደ ያቤሎ ስንሄድ ዲላ ላይ ለቁርስ ወረድን። ጾም ስለሆነ ቆጮ በአይብ የሚበላውን ሰው እያየን ምራቃችንን ዋጥን፤ እኛ ቆጮውን በጎመን በላን። የኛ ሰፈር አቮካዶ ከዲላው አጠገብ ቢቀመጥ ያፍራል። ከዚያ መንገዱ ጠመዝማዛ ሆነ፤ ከአገረ ማርያም ወዲህ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ትርፍ ጎማውን ሲያወርደው እሱም ንፋስ የለውም። ሰው ሁሉ ሾፌሩን ሲሳደብ፣ ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንድ ሽማግሌ ሁለት ወንበር ተሸክመው ወረዱና "እናቶች ቆመው አይጠብቁም" ብለው ዛፍ ሥር አስቀመጡን። ባለቤታቸው የተቀቀለ በቆሎ በሳፋ ላኩልን። ሁለት ሰዓት ስንቀመጥ ሽማግሌው ስለ ልጆቻቸው፣ ሉድሚላ ስለ ዮናስ ሲያወሩ ዋሉ። "ባሕር ተሻግሮ ነው የሚያገባው?" አሏት። "አይ፣ ሞያሌን ተሻግሮ ነው" አለቻቸው። "ታዲያ ጎረቤት ነዋ!" አሉና ነገሩን ዘጉት። አዲስ አበባ መኪና ቢበላሽብን ወንበር የሚያወርድልን ቀርቶ ከበሩ ራቁ የማይለን ስንት ይገኛል?

ጎማው ተጠግኖ ያቤሎ ስንደርስ መሽቷል። ትንሽ ሆቴል አረፍንና ድፎውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ተኛን። ሐሙስ ጠዋት ሉድሚላ ነጠላውን ስትገልጥ ጉንዳን ዳቦውን ከሥር ገብቶ ጨርሶታል። ላይኛው ቅርፊት ብቻ እንደ ባዶ ሞሰብ ክዳን ቀርቷል። እኔ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። "ምንም አይደል፣ ሌላ ይጋገራል" አልኳት። "የት? በማን ምድጃ?" አለችኝ።

ከያቤሎ ወዲያ ምድሩ ቀይ ነው፤ የኛ ሰፈር ሰው ጭቃ ብሎ የሚያውቀው ቀይ አፈር እዚያ ንጹሕ በርበሬ ይመስላል። የምስጥ ኩይሳው ቁመት ሰው ያክላል፤ አንዳንዱማ እኛ ሰፈር ያሉትን የመብራት ምሰሶዎች ይስተካከላል። ግመሎች አስፋልቱ መሀል ቆመው መኪናውን ያያሉ እንጂ አይነሡም። ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ይጠብቃቸዋል። በከተማችን ለእግረኛ እንዲህ የሚጠብቅ ሾፌር ብናገኝ ስንት ሰው በሕይወት ይኖር ነበር!

እኩለ ቀን ላይ ሞያሌ ገባን። ሞያሌ አንድ ከተማ ስትሆን መሀሏን ድንበር ያቋርጣታል፤ የአገሩ ሰው ቅቤውን ይዞ ከዚህ ወደዚያ ሲል ይውላል። መንገደኛ ግን በኬላው ነው የሚያልፈው። ግቢው ትልቅና ንጹሕ ነው፤ የኛም የኬንያም መኮንኖች በአንድ ጣራ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የኛው መኮንን የሉድሚላን ፓስፖርት ተቀብሎ አገላበጠና ማኅተሙን መልሶ አስቀመጠው። "እናቴ፣ መውጫ ከመምታቴ በፊት እዚያ ጋ ፈቃድዎን ያሳዩ። እነሱ አናስገባም ቢሉ መሀል ሜዳ ይቀራሉ" አላት። እኔ በልቤ ምን የሚፈራ ልጅ ነው አልኩ፤ በኋላ ግን መረቅኩት።

በኬንያ በኩል ሻሽ ያሰረች ወጣት መኮንን ነበረች። እናቷ የኛው ሞያሌ ሰው ስለሆነች አማርኛ ታቀላጥፋለች። ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያየች፤ ደግማ አስተያየች።

"እማማ፣ የዚህ ወረቀት ባለቤት ማን ናት?"

"እኔ ነኛ" አለች ሉድሚላ።

"ወረቀቱ ፔትሮቭና ይላል። ፓስፖርቱ ደግሞ አበጋዝ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ስሙ ግን ሁለት ሰው ነው።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ በእጄ የጻፍኩትን ይኸው ይዞ ቆሟል። አፌ ግን ከኔ ቀደመ። "ያተመው ሱቅ ነው ያበላሸው! ጉርድ ሾላ ያሉ ልጆች እንዲሁ ናቸው!" አልኩ። ልጅቷ ትሑት ናት፣ አልተከራከረችኝም። "እማማ፣ አታሚ ስም አይቀይርም። እንደ አዲስ ማመልከት ነው ያለብዎት። እስከ ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዴ ቀድሞ ይመጣል" አለችና ወደ እኔ ዞራ ፓስፖርቴን አየች። "እርስዎ ግን ማለፍ ይችላሉ።"

ሳምንቱን ሙሉ ስፎክርበት የነበረው ማለፍ ይህ ነው! ያለሷ አላልፍም አልኳትና ሁለታችንም ሻንጣችንን እየጎተትን በመጣንበት በር ተመለስን። ዕለቱ ሐሙስ ነው፣ ሠርጉ ቅዳሜ።

ዮናስ ቀደም ብሎ የታላሶ አክስት ዘንድ እንድናርፍ ነግሮን ነበር። አዴ ሎኮ ይባላሉ፤ በኛው በኩል ባለው ሞያሌ ይኖራሉ። "አዴ" እኛ "እትዬ" እንደምንለው ነው። ሻንጣችንን ገና ከበር ተቀበሉን፤ ወተት በትልቅ ብርጭቆ አቀረቡልን። ወተቱ የጭስ ሽታ አለው፤ ዕቃውን በእንጨት ጭስ ያጥኑታል። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ግን ራሴ ጠየቅሁ። የሆነውን ስንነግራቸው "እንግዲያው እዚሁ ናችሁ፣ ቤቱ የናንተ ነው" አሉና አልጋቸውን ለቀቁልን። እምቢ ብንል የሚሰሙ ሴት አይደሉም።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ አዲሱን ፎርም መሙላት ጀመርኩ። የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ እንደገና ደረስኩ። ጣቴ አልሄድ አለኝ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ የጎረቤቴን ስም መጻፍ አቃተኝ።

"ሉዳ፣ ሱቁ አይደለም። እኔ ነኝ" አልኳት። "አበጋዝ የአማትሽ ስም ነው፣ ተሳስተው ነው ብዬ የአባትሽን ስም አስገባሁ።"

በሩሲያኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ምርቃት እንዳልሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። "ማን እረሚልኝ አለሽ?" አለች በአማርኛ። "እኔን ጠየቅሽኝ? እዚያው አጠገብሽ ተቀምጬ አልነበረም? ከልጄ ሠርግ የሚያስቀረኝ ያንቺ ብዕር ነው?" ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። አፈርኩ፤ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አዴ ሎኮ ግማሹን ሰምተዋል፤ "ተያት፣ ፍየሎቹ ጋ ናት። ፍየል ባለበት ሰው ብዙ አይቆጣም" አሉኝ።

ግማሽ ሰዓት ሆኗት ተመለሰችና አጠገቤ ተቀመጠች። ቁጣው ከድምጿ ወጥቷል።

"ጥርዬ፣ በኛ አገር ሚስት የባሏን ስም ትይዛለች። ስንጋባ የጋብቻ መዝጋቢዋ የግርማን ፓስፖርት አየች፣ መጨረሻ ላይ የተጻፈው አበጋዝ ነው፣ በቃ አበጋዝ አለችኝ። ግርማ ስንት ሳቀ! 'አባቴን አገባሽው' ይለኝ ነበር።" ፈገግ አለች። "ከሞተ በኋላ ፓስፖርት ሳሳድስ የልጅነት ስምሽን መመለስ ትችያለሽ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ዮናስ የአባቱ ልጅ ነው፣ ግርማ ተብሎ ይጠራል። መቃብሩ እንጦጦ ነው፣ እሱም የዘመድ ሁሉ ነው። ከግርማ ቤት ለኔ ብቻ የተሰጠኝ ያ ስም ነው። ሰፈር ውስጥ ማንም አያውቀውም፤ ግን የትም አገር ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ።"

ምን ልበል? ሠላሳ ዓመት ቡና አብረን ስንጠጣ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ስምሽ ማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። የማውቅ መስሎኝ ነበር። "ይቅር በይኝ" አልኳት። "ጻፊ" አለችኝ። ፊደል በፊደል እየነገረችኝ ጻፍኩ፤ እሷም መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ክንዷ እስኪደርስ አርቃ እያንዳንዷን ፊደል አየች። ዮናስ ከማርሳቢት ክፍያውን ጨረሰልን። ከዚያ የሚቀረው መጠበቅ ነው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሳይ ዋልኩ። ሞያሌ ትሞቃለች፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የአዲስ አበባ የሚያዝያ ቀትር ናት። አዴ ሎኮ ስለ ጉንዳኑ ሰምተው ኖሮ ከጎረቤት ትልቅ ብረት ድስት ተዋሱ፣ ሦስት ሴቶች ዱቄት ይዘው መጡ። ሉድሚላ ልታቦካ እጅጌዋን ስትሰበስብ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ቀጥሎ ሊጡን ስታሽ አይተው ሳቁን ተዉ። ከላይም ከታችም ፍም አድርገን ጋገርነው። ዳቦው አንድ ወገኑ ትንሽ ከሰል ነክቶታል እንጂ ከሲግናሉ አያንስም። አዴ ሎኮ ያንን ወገን በእጃቸው እየጠቆሙ "ይሄን ለወንዱ አማች ስጡት" አሉና ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ከሰዓት በኋላ ዮናስ መኪና ይዞ መጣ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስላለው እንደ እኔው ያለ ጥያቄ ተሻገረ። እናቱን አቅፎ ቆየና "ማሚ፣ ሠርጉን እንግፋው። ለታላሶም ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች" አላት።

"የጋበዙት ሰው ስንት ነው?" አለች ሉድሚላ።

"የማርሳቢት ተራራ በሙሉ።"

"የታረደውስ?"

ዮናስ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "አይገፋም" አለችው። "ፈቃዱ ካልመጣ ጥርዬ ዳቦውን ይዛ ደጅ ላይ ትቆማለች።" ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። እኔም ዳቦውን እያየሁ፣ እሷን ሞያሌ ትቼ በሷ ቦታ ስቆም ታየኝና መልሼ ሸፈንኩት። "እማማ ጥሩነሽ፣ አይዞዎት" አለኝ ዮናስ፤ ይባስ ብሎ እኔን ማጽናናት! ልጁ የግርማ ልጅ ነው፤ ያን ሌሊት እዚያው አብሮን አደረ። ያን ቀን ዓርብ ነበር፣ ጾም ነበር፣ የጾምነው ግን ከጭንቀት ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ፈቃዱ ነው። ከፍቼ ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ ለሉድሚላ ሰጠኋት፣ እሷም አነበበች። አዴ ሎኮ ፊደል አይቆጥሩም፣ እሳቸውም ተቀብለው አዩት። እልልታው ጎረቤት አስወጣ። ማተሚያ ቤት አጠገባቸው ነበር፤ በሩን አስከፍተን አሳተምን። ኬላው ላይ ያችው ሻሽ ያሰረች ልጅ ነበረች። ወረቀቱን ከፓስፖርቱ አስተያየችና "አሁን አንድ ሰው ሆኑ" አለቻት። ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ሲመታ ሉድሚላ እንደ ሕፃን ብድግ አለች። የኔን ፓስፖርት ልጅቷ ስትመታው ግን ያ የሳምንቱ ኩራቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ቶሎ እንሂድ ብቻ ነበር ያልኩት።

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት አስፋልቱ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። መሀል ላይ ያለው በረሃ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፣ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። ዮናስ ይነዳል፤ አዴ ሎኮ ከፊት ተቀምጠው የየመንደሩን ስም ይነግሩናል፤ እኔ ደግሞ መንደር አይታየኝም። ሦስት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ከዚያ ሁሉ እቶን መሀል ድንገት ተራራ ተነሣ፤ ጫካ የለበሰ፣ ጭጋግ የጠመጠመ። እየወጣን ስንሄድ ብርድ ገባ፣ ባሕር ዛፍ ሸተተን። ሉድሚላና እኔ ተያየን። እንጦጦ ናት! እንጦጦን ነቅሎ በረሃ መሀል የተከላት ሰው አለ። ከሻንጣችን ጋቢያችንን አወጣን፤ ዮናስ "ማሚ፣ ለዚህ ነው እዚህ ያስቻለኝ" አላት።

ለቤተ ክርስቲያኑ ደረስን። ሥነ ሥርዓቱ በማላውቀው ቋንቋ ቢሆንም ማልቀሻው ቦታ የት እንደሆነ አይጠፋም። ከዚያ ወደ ታላሶ አባት ግቢ ሄድን። ሉድሚላ ቀድማ ወርዳ ሮጠች፤ በስድሳ ዓመቷ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ነው። ደጁ ላይ ዳቦውንና ጨውን ይዛ ቆመች። ሙሽሮቹ ቆረሱ፣ ጨው ነክተው በሉ። የአገሩ ሰው ይህን አይቶ አያውቅም፤ ግን ወዲያው ገባው፣ ሁሉም ቁራሽ ፈለገ።

ሁሉ ሰው ከተቀመጠ በኋላ የታላሶ አባት ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይቸኩል ሰው ናቸው። የሚሉትን አዴ ሎኮ ተረጎሙልን፦ "አሁን እንመርቃለን። የልጁ አባት በሕይወት እንደሌለ ሰምተናል። ከአባቱ ወገን የመጣ ሰው ይነሣና የወገኑን ስም ይንገረን፣ በምርቃታችን እንጥራው።"

የግርማ ወንድም ታሞ ቀርቷል። ከአባቱ ወገን ማንም አልመጣም። ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ዮናስም አንገቱን ሲደፋ አየሁ። ነገሩ ለኔ ነው አልኩ፤ የሟችን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ በእጄም በሞት መዝገብ ጽፌዋለሁ። ልነሣ ብድግ ስል ሉድሚላ ጉልበቴ ላይ እጇን አሳረፈችና ራሷ ተነሣች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ሉድሚላ አበጋዝ።"

ሽማግሌው "አበጋዝ" አሉ፤ በደንብ እንዲይዙት ደግመው "አበጋዝ" አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ከፍ አድርገው መመረቅ ሲጀምሩ ያ ስም በየመሀሉ እየተነሣ ግቢው ሁሉ ተቀበላቸው። ሉድሚላ እንደቆመች እንባዋ በፈገግታዋ ላይ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። መዝገቤ በእጄ ቢሆን ኖሮ ልክ እሷ እንዳለችው እጽፈው ነበር።